ባንዲራው የተተረተረ ሸሚዝ

የተከበራችሁ የፒተር ቤተሰቦች፤ መጋቢ፤ የጉዴሌ ጎረቤቶች፤ የሃይ ማላካል የገበያ ሰዎች፤ ከኢታንግ እስከ አዲስ አበባ አብራችሁት ያደጋችሁ ወንድሞቹና እህቶቹ፤ የተከበሩ የምክር ቤት አባል ወይዘሮ ፊሎሜና፤ በዚህ ጭቃ ጫማችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ የመጣችሁ ሁሉ፤ ስለ ፒተር ብላችሁ እዚህ ስለቆማችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ገብረየስ ነኝ። ከፒተር ጋር በአንድ ሱቅ፣ ሁለት የስፌት መኪና ጎን ለጎን አድርገን፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የሰፋሁ ሰው ነኝ። በአማርኛ የምናገረው እሱና እኔ በሌላ ቋንቋ አውርተን ስለማናውቅ ነው። አብዛኞቻችሁ ኢትዮጵያ ስላደጋችሁ ትሰሙኛላችሁ። ለሌሎቹ የፒተር ልጅ ክሪስቲን በዐረብኛ ትተረጉማለች። ክሪስቲን፣ ልጄ፣ ከማማ አኬች አጠገብ ተቀመጪ። አንድም ቃል እንዳያልፋቸው።

ባለቤቱ ዓባይነሽ አሁን ስነሳ እጄን ይዛ «ገብሬ፣ ባጭሩ» አለችኝ። እሞክራለሁ እህቴ። ግን ታውቂኛለሽ። እኔ ስፈራ ወሬ ይበዛብኛል። ዛሬ ደግሞ በጣም ፈርቻለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። ከትናንት ጀምሮ በገበያው ወሬ አለ። ፒተርን ገደሉት የሚል። ማንም አልገደለውም። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ኩላሊቱ ነው ተባለ፤ ሃያ ቀን ተኝቶ በሚስቱና በእኔ ፊት ዐረፈ። ያላየሁትን አልናገርም። እሱም ያላየውን ተናግሮ አያውቅም። ይህንን ያዙልኝ። ማጋነን ብፈልግ ኖሮ ከሞቱ እጀምር ነበር።

እዚያ በሩ አጠገብ የቆማችሁ ሁለት ወንድሞች፣ እናንተን አላውቃችሁም። የፒተር ደንበኞች ትሆናላችሁ። ደንበኛ ብዙ ነበረው። ወንበር አለ፣ ተቀመጡ። ሻይ ስጧቸው እንጂ! ፀሐይ ላይ ቆሞ ማስታወሻ መጻፍ ዓይን ያደክማል።

ፒተር ማን ነበር?

ኢታንግ የስደተኞች መጠለያ የገባው ልጅ ሆኖ በእግሩ ነው። እኔ ያገኘሁት መርካቶ፣ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ፣ ሁለታችንም ሱሪ ዘምዛሚ ሆነን ነው። ቁመቱን ታውቁታላችሁ። ጣሪያው ዝቅ ስላለ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚውለው። ወገቡን እያመመው እንኳ አንዲት ስፌት ካላማረችው ፈትቶ ይደግማታል። አሠሪያችን «አንተ ልጅ፣ ሱሪ ነው እንጂ ሙሽራ አይደለም» እያለ ይጮህበት ነበር። ፒተር «ለባሹ ሙሽራ ቢሆንስ?» ይላል።

አገሩ ነፃ ስትወጣ ዓባይነሽን ይዞ መጣ። የመጀመሪያ ሥራው ምን ነበር? ባንዲራ። እኔ ገና አልመጣሁም፤ ይህን የነገረችኝ ዓባይነሽ ናት፤ እሷ አይታለች። የነፃነት ቀን ሊደርስ ሲል ይህ ከተማ ባንዲራ አልበቃው አለ። ፒተር ጣቱ እስኪያብጥ ባንዲራ ሰፋ። ኮከቧን በእጁ ነበር የሚያያይዛት። ትንሽ ያዘነበለች ኮከብ ካየ ይፈታታል። «ስንት ዓመት የጠበቅናት ናት፣ ጠማማ አትሆንም» ይል ነበር።

ይህን ለምን ነገርኳችሁ? ያንን ባንዲራ የሰፋ እጅ ያንኑ ባንዲራ ስለተረተረ ነው። በእኔ ፊት ነው የተረተረው። ከእኔ ጋር።

ቆይ። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ላስቸግራችሁ። ፒተር የሰፋውን ልብስ ለብሳችሁ የመጣችሁ እጃችሁን አውጡ። እህ! ግማሹ ለቀስተኛ ነው። አሁን ኪሳችሁን ገልብጡ። አዎ፣ አሁኑኑ። መጋቢ፣ እርስዎም። ገበሩ ላይ፣ ከኪሱ ጥግ፣ በቢጫ ክር የተወጉ አራት ትንንሽ ነጥቦች አሉ። አያችሁ? የተከበሩ፣ የእርስዎም ጃኬት ላይ አለች። ቃለ መሐላ የፈጸሙ ቀን የለበሱት ነው።

ይህች የፒተር ምልክት ናት። ከመርካቶ ጀምሮ የነበረች ናት። ለማስታወቂያ አይደለም፤ ኪስ ውስጥ ያለን ነገር ማን ያያል? ሥራዬን ጨርሻለሁ ለማለት ነው። በር ቆልፎ አንዴ ገፋ አድርጎ እንደሚያይ ሰው፣ እጁ ኪስ ላይ ካረፈ ሳያስበው ያደርጋታል።

ባለፈው ዓመት፣ በበጋው፣ አንድ ሰውዬ በፒክ አፕ መጣ። ማዕረጉን አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ስምንት ጆንያ አወረደ። ዥንጉርጉር የወታደር ሸሚዝ ነው፤ ያገለገለ፣ የታጠበ፣ አራት መቶ የሚሆን። «ከትከሻው ባንዲራውን፣ ከደረቱ ስሙን አንሱ» አለን። ሦስት ቀን ሰጠን። «በሩን ዝጉ» አለን። በዚያ ሙቀት! ሦስት ቀን ሙሉ በጠራራ ፀሐይ በር ዘግተን፣ ምላጭ ይዘን ተቀመጥን።

ፒተር ጠየቀው። እኔ እግሩን ረገጥኩት፤ እሱ ግን ጠየቀው። «አለቃ፣ ባንዲራው ይነሳ ይሁን። ስማቸውስ? ስማቸው ምን አደረገ?» ሰውዬው ሳቀ። «ተርዚ» አለው፤ ልብስ ሰፊ ማለቱ ነው፤ «ተርዚ፣ አንተ ክር ቁረጥ።»

ቆረጥን። ፒተር ስሞቹን እያነበበ ነበር የሚተረትረው። ድምፁን ከፍ አድርጎ። ማዩክ። ላዶ። ቱት። ሎሮ። የዚህ አገር ጎሳ ሁሉ እዚያ ጆንያ ውስጥ ነበር። «ዝም ብለህ ሥራ» አልኩት። «ገብሬ፣ እነዚህ ልጆች አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ብለው ነው የሚጠሯቸው?» አለኝ። ሥራዬን ቀጠልኩ።

አሁን የሙያ ነገር ልንገራችሁ። ባንዲራ ከሸሚዝ ላይ ቢነሳም ቦታው ይቀራል። ጨርቁ በፀሐይ እየነጣ ይሄዳል፤ ከባንዲራው ሥር የነበረው ግን አይነጣም። ባንዲራውን ብታነሳውም ባንዲራው የነበረበት ጥቁር አራት ማዕዘን ትከሻው ላይ ቁጭ ይላል። ሰውዬው በሁለተኛው ቀን መጥቶ አየና ጮኸ። «ይህ እኮ ይታያል!» አለ። በረኪና በውሃ አቅጥኖ በጥጥ ማሸት፣ ከዚያ ጓሮ ፀሐይ ላይ ማስጣት። ይህን ዘዴ ያገኘው ፒተር ነው። በኩራት አልናገረውም። ግን እውነት ነው። አስቸጋሪ ሥራ ሲሰጡት መላውን ሳያገኝ አያርፍም። ያዘነው መላውን ካገኘ በኋላ ነው።

ስሙ ከደረቱ ላይ ሲነሳ ደግሞ የኪሱ አፍ ይሳሳል። አንዳንዱ ይቀደዳል። ፒተር የተቀደደ ኪስ ለማንም አስረክቦ አያውቅም። ለማንም! ኪሶቹን አንድ በአንድ ጠገነ። ኪስ ከጠገነ በኋላ እጁ ምን ያደርጋል? አሁን ገልብጣችሁ አይታችኋል።

እሱ አላስተዋለም። እኔም አላስተዋልኩም። ያ ሰውዬም አላስተዋለም። ጆንያዎቹን ጭኖ ሄደ።

ከጥቂት ወራት በኋላ በሬዲዮ መግለጫ ሰማን። ድንበር ማዶ ባለው ጦርነት ውስጥ አንድም ወታደር የለንም የሚል። ፒተር መቀሱን አስቀመጠ። «እንግዲያው እኛ የማንን ባንዲራ ነው የተረተርነው?» አለኝ። የዚያችን አገር ስም አልጠራም። ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ በዚህ አገር እንግዳ ነኝ፤ ስም መጥራት የሚገባቸው ሰዎች እዚህ ተቀምጠዋል።

ከዚያ ቀን በኋላ ፒተር ሰላም አጣ። ምን አደረገ? ጥያቄውን ለሚመለከታቸው ሊያቀርብ ወሰነ። የምክር ቤት አባል ዘንድ መግባት ቀላል አይደለም። ዘበኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ «ነገ ና» አለ። ግን የምክር ቤት አባልም ሱፍ ያሰፋል። ሱፍ የሚያሰፋ ሰው ደግሞ ይለካል። ፒተር ሜትሩን በደረቱ ላይ ሲያዞር ሰውዬው እጁን ዘርግቶ ነው የሚቆመው። ወዴት ይሄዳል? ያኔ ይጠይቀዋል። «ክቡርነትዎ፣ ክንድዎን ትንሽ ከፍ። ወታደሮቻችን ድንበር ማዶ ናቸው ወይ? እሺ፣ አሁን ዝቅ።»

ትስቃላችሁ። እኔም እስቅ ነበር፤ በሩን እያየሁ። አንዱ «ወገቡን አስፋው» ብቻ ብሎ መለሰለት። ሌላው ሱፉን ሳይወስድ ቀረ፤ እስካሁን ሱቁ ውስጥ እንደተሰቀለ ነው። አንዱ ደግሞ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «ሴት ልጅ አለችህ አይደል?» አለው። ያን ቀን ፒተር ከሃይ ማላካል እስከ ጉዴሌ በእግሩ ሄደ። በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር፣ የሄደ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ነው የነገረኝ።

ስለ ቦዳቦዳ ካነሳሁ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሱቃችን ፊት ለፊት አንድ ባለ ቦዳቦዳ መቆም ጀመረ። ሰው ሲጠራው አይጭንም። «ሥራ ላይ ነኝ» ይላል። ምን ዓይነት ሥራ ነው ቆሞ የሚሠራ? እኔ በጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ። ፒተር ምን አደረገ? የሰውዬው ሞተር ወንበር መቀደዱን አየ። ወጥቶ «አምጣው፣ ዝናብ ይገባዋል» አለው። ሰፋለት! እያየሁት ሰፋለት። ያ ሰው ዛሬ እዚህ ካለ ወንበሩን ገልብጦ ይይ።

ደፋር ነበር ማለቴ አይደለም። ይፈራ ነበር። ቁልፉን ሦስት ጊዜ ያያል። ክሪስቲን አምስት ደቂቃ ከዘገየች መንገድ ላይ ይቆማል። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ስላቃተው የማስገባለት እኔ ነበርኩ። እየፈራ ነው የጠየቀው። ይህንን እንድታውቁለት እፈልጋለሁ።

የተከበሩ ወይዘሮ ፊሎሜና፣ እርስዎ ብቻ መልስ ሰጡት። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ካውያ ይዤ ቆሜ ሰምቻለሁ። «ፒተር፣ ኢታንግ ለራሽን አብረን የተሰለፍን ልጆች ነን፤ አልዋሽህም» አሉት። «በወሬ ተነስቼ ሚኒስትር ብጠይቅ ያስቀምጡኛል። ልብስ ተተረተረ ብል፣ አሮጌ ልብስ ነው ይሉኛል። ልብሱ የት እንደደረሰ የሚያሳይ፣ በእጅ የሚያዝ ነገር አምጣልኝ። ካመጣህልኝ እነሳለሁ።» እነሳለሁ ብለዋል። ይህን የምለው ላስጨንቅዎ ብዬ አይደለም። ዋሸሁ። ላስጨንቅዎ ብዬ ነው።

ከአንድ ወር በፊት ማማ አኬች ወደ ሱቃችን መጡ።

ልጃቸው አቲም ወታደር ነበር። በሥልጠና ቦታ መኪና ተገልብጦ ሞተ ተባሉ። ሬሳ አልተሰጣቸውም። «ተቀብሯል» ተባሉ። የት? አልተነገራቸውም። የተሰጣቸው አንድ ፌስታል ልብስ ነው። ከውስጡ ሸሚዙን ይዘው መጡ፤ ክንዱ ላይ ተቀድዷል። «ስፋልኝ። ትራሴን ላለብሰው ነው» አሉት።

ፒተር ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ትከሻውን አየ። በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ኪሱን ገለበጠ።

አራት ነጥብ። ቢጫ ክር።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ማማ አኬች «ምነው? አይሰፋም?» አሉት። ኪሱ ውስጥ ደግሞ በላብ ርሶ፣ ደርቆ፣ ከጨርቁ ጋር የተጣበቀ የስልክ ካርድ ነበር። ግማሹ ተፍቋል። የዚህ አገር ካርድ አይደለም። የድንበር ማዶ ነው። ወደ ቤት ሊደውል ፈልጎ ይሆናል። ለምን ግማሹን ብቻ እንደፋቀ አናውቅም።

አቲም የሚለውን ስም ያን ጊዜ አንብቦት እንደሆነ አላስታውስም። ብዙ ስም ነበር። ፒተር ግን አልደበቃቸውም። ተንበርክኮ ነው የነገራቸው። «እማማ፣ የልጅዎን ስም ከዚህ ሸሚዝ ላይ ያነሳነው እኛ ነን» አላቸው። ማማ አኬች አልጮሁም። አልተሳደቡም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ታዲያ የት ነው ያለው?»

ወገኖቼ፣ የጦር ስልት አልጠየቁም። የመንግሥት ምስጢር አልጠየቁም። የልጃቸውን መቃብር ነው የጠየቁት። እኛ ዛሬ ፒተርን በገዛ ግቢው ቀበርነው። ዓባይነሽ ነገ ጠዋት በሯን ስትከፍት ታየዋለች። ታለቅሳለች፣ ግን ታየዋለች። ማማ አኬች ወዴት ሄደው ይዩ? በየትኛው አገር?

ሸሚዙን ለፒተር ተዉለት። «ለሚጠይቅልኝ ሰው ስጥልኝ» አሉት። በአራተኛው ቀን ፒተር ታመመ።

አሁን ከቅድም ጀምሮ ስዞረው የነበረው ቦታ ላይ ደረስኩ። ውሃ ካለ አቀብሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ዓባይነሽ፣ ይህን አንቺም አታውቂም።

ፒተር ሆስፒታል በገባ ማግስት ሸሚዙን ለወይዘሮ ፊሎሜና እንዳደርስ ላከኝ። በጋዜጣ ጠቀለልኩት። ቦዳቦዳ ያዝኩ። ቤታቸው በር ድረስ ሄድኩ። ሁለት ጠባቂዎች ነበሩ። አንዱ «ምን ይዘሃል?» አለኝ። ምን እንደያዝኩ አሰብኩ። የመኖሪያ ፈቃዴ መቼ እንደሚያልቅ አሰብኩ። ልጆቼን አሰብኩ። «የልብስ ልክ ልወስድ ነበር፤ ሌላ ቀን እመጣለሁ» አልኩ። ባለ ቦዳቦዳውን መልሰኝ አልኩት። ሸሚዙን ሱቅ ወስጄ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ሥር ደበቅሁት።

ፒተር ጋ ሄድኩ። «ደረሰ?» አለኝ። «ደረሰ» አልኩት። «ምን አለች?» አለኝ። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። «እጠይቃለሁ ብላለች» አልኩት። ፊቱ በራ። ያን ቀን ሾርባ ጠጣ።

ከዚያ ሬዲዮ አምጡልኝ አለ። ምክር ቤቱ በተሰበሰበ ቁጥር ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሰማል። ሦስት ስብሰባ ሰማ። በሦስተኛው ወይዘሮ ፊሎሜና ተነሱ። ድምፃቸውን ለየው። በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ። «ገብሬ፣ ዝም በል፣ አሁን ነው» አለኝ። እኔ እኮ ምንም አልተናገርኩም ነበር።

ስለ ጉዴሌ መንገድ ተናገሩ። ስለ ጭቃው። ትክክል ነዎት፤ ዛሬ ሁላችንም አይተነዋል። ጨርሰው ተቀመጡ። ፒተር ሬዲዮኑን ዘጋ። «እሷም ፈራች» አለ። ከዚያ ወዲያ ሬዲዮ አልከፈተም።

የተከበሩ፣ በእርስዎ አዝኖ ነው የሞተው። ያለ ጥፋትዎ። የፈራሁት እኔ ሆኜ ሳለ። ልነግረው አፌን የከፈትኩባቸው ቀኖች ነበሩ። ዛሬ ደክሞታል እላለሁ። ነገ ሻል ሲለው እላለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነገ የሚባለው አለቀ።

ታዲያ አሁን ማን አስገደደህ ትሉኝ ይሆናል። ልንገራችሁ። ባለፈው ሐሙስ አንድ ልብስ ሰፊ ከሎሎጎ ሰፈር መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ልጆች አሉት። የሙያ ምክር ፈልጎ ነው። «ገብረየስ፣ እናንተ ያችን ጥቁር ቦታ በምን አጠፋችኋት? ስንት በረኪና በስንት ውሃ?» አለኝ።

ገባችሁ? ሌላ ጆንያ መጥቷል። ሌላ ሸሚዝ፣ ሌላ ስም። የሚለብሷቸው ልጆች ዛሬ በዚህች ከተማ ሻይ እየጠጡ ይሆናል። እናቶቻቸው መካከላችን ተቀምጠው ይሆናል። እኔ ይህን ካወቅሁ ጀምሮ በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ፤ ሳይንኳኳም እደነግጣለሁ። አቲምን መመለስ አንችልም። እነዚህ ግን ገና አልሄዱም። ገና አልሄዱም!

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፤ አዎ፣ ከኋላ ረድፍ ያላችሁትንም አይቻችኋለሁ፤ ይህ ጥያቄ ነው፣ ክስ አይደለም። ጦር መላኩ ትክክል ሊሆን ይችላል። እኔ የማላውቀው ምክንያት ይኖራል። ጎረቤት ጠርቶን ይሆናል። እኔ ኪስ እጠግናለሁ እንጂ ጦርነት አላውቅም። ግን ትክክል ከሆነ ባንዲራውን ለምን ተረተርን? ትክክል ከሆነ ስማቸውን ለምን አነሳን? ትክክለኛ ነገር በረኪና ይፈልጋል እንዴ?

«የአገር ምስጢር ነው» ይሏችኋል። ይሁን። ዝግ ስብሰባ ጥሩ። በሩን ዝጉ። እኛም በር ዘግተን ነው የተረተርነው። ብቻ ጠይቁ። ስንት ልጆች ሄዱ? ማን ላካቸው? እናንተ ሳትሰሙ በማን ፈቃድ? የሞቱትስ የት ነው የተቀበሩት? ይህንን የማይጠይቅ ምክር ቤት ሌላ ምን ሊጠይቅ ነው? መንገድ ይሠራ፣ እሰየው። ግን በዚያ መንገድ ማን ተጭኖ እንደሚሄድ እንወቅ።

«ማን አየ?» ቢሏችሁ፣ ገብረየስ አየ በሏቸው። ሙሉ ስሜ ገብረየስ ጫኔ ነው። በሩ አጠገብ ያላችሁ ወንድሞች፣ በትክክል ጻፉት። ከእነዚያ ሸሚዞች ግማሹን የተረተርኩት እኔ ነኝ። ፒተር ብቻውን አልነበረም። አሁን ሁሉን በእሱ ማላከክ ይቀላል፤ አያወራም። አላደርገውም። አስጠሩኝና እመጣለሁ። እየፈራሁ እመጣለሁ።

ሸሚዙ ይኸው። በጋዜጣው እንደተጠቀለለ ነው። ካርዱም ኪሱ ውስጥ ነው። የተከበሩ፣ እኔ ግን አልሰጥዎትም። የእኔ ተራ አልፏል። ሸሚዙ የፒተርም አይደለም፤ የማማ አኬች ነው። ክሪስቲን፣ ስጪያቸውና ንገሪያቸው። ካልፈለጉ ወደ ቤታቸው ይውሰዱት። ነገ ሰፍቼ ትራሳቸውን አለብሰዋለሁ፤ ማንም ክፉ አይናገራቸውም። ከፈለጉ ደግሞ የምክር ቤት አባሏ እነሆ እዚህ ናቸው፤ ምክር ቤቱም ማክሰኞ ይሰበሰባል።

እንጠብቃቸው። ዓባይነሽ፣ ታገሺኝ፣ እየጨረስኩ ነው።

ሸሚዙን ይዘው ተነሱ። ቀስ ይበሉ ማማ፣ ጭቃው ያንሸራትታል። ደግፏቸው እንጂ! መንገድ ልቀቁላቸው።

ክሪስቲን፣ ማማ ምን አሏቸው? ጮክ በይ፣ ሁሉም ይስማ።

«ማክሰኞ ስትጠይቂ እኔም ገብቼ እቀመጣለሁ» አሉ።

ወይዘሮ ፊሎሜና ሸሚዙን ተቀበሏቸው። ሁላችሁም አያችሁ። በሁለት እጃቸው ነው የተቀበሏቸው።

ፒተር፣ ወንድሜ። ፊሎሜና አልፈራችም። ዋሽቼህ ነበር። የፈራሁት እኔ ነኝ፤ አንተ ሬዲዮ ላይ ጆሮህን ለጥፈህ ስትጠብቅ አጠገብህ ተቀምጬ የነበርኩት እኔ። ይቅር በለኝ አልልህም። መልስ መስጠት የማይችልን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ነውር ነው። ማክሰኞ ሄጄ ከማማ አኬች አጠገብ እቀመጣለሁ። ጥያቄው ሲጠየቅ በጆሮዬ ከሰማሁ፣ ያኔ እዚህ ተመልሼ እለምንሃለሁ። ካልተጠየቀም እመጣለሁ፤ ግን ምን እንደምልህ አላውቅም።

ደህና ሁን ፒተር። አፈሩ ይቅለልህ።